ባለ ሰንሰለቱን ትራክተር በኪሎ ከመሸጣችሁ በፊት

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ሰነበታችሁ! ጋዜጣችሁ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማነበው የጨረታ ገጹን ነው። ጡረታ ወጥቼም ይህ ልማድ አልለቀቀኝም። የትኛው መሥሪያ ቤት ምን ማሽን እንደሚሸጥ፣ ምን መለዋወጫ እንደሚፈልግ ከዚያ ገጽ ይታወቃል። ሰሞኑን ያወጣችሁት አንድ ማስታወቂያ ግን ብዕር አስጨበጠኝ። ከቢሮ ወንበርና ከአሮጌ ጎማ ጋር ተደርድሮ፣ «ያገለገለ ባለ ሰንሰለት ትራክተር፣ የማይሠራ፣ ባለበት ሁኔታ» የሚል አንድ መስመር አለ። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ማሽን ያላቸው ብዙ ናቸው፤ የምጽፈውም ለሁሉም ነው።

ግቢው ድረስ ሄጄ አየሁት። ካተርፒላር ዲ6 ነው፤ መለያ ቁጥሩ በ9ዩ የሚጀምረው። ይህ ዓይነት የተመረተው እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1959 ባለው ጊዜ ነው። ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር አለው። አጠገቡ እሱን የምታስነሳ ባለ ሁለት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር አለች። ሊያዩት ከመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ብረት በኪሎ የሚገዙ ነበሩ። የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ያየ የለም። ሁሉም የሰንሰለቱን ክብደት ነው የሚገምተው።

የከባድ ማሽን መካኒክ ሆኜ ነው የኖርኩት። አርጅቶ የሞተ ዶዘር ብዙ አላየሁም። ቅባት ጠምቶት የሞተ፣ ወይም ያለቦታው ቅባት ተቀብቶ የሞተ ግን ስንቱን አይቻለሁ። ይህ ትራክተር አልሞተም። ሞተሩ ላይ ስንጥቅ አላገኘሁም። የካምቢዮው ጥርሶች በላይኛው ክዳን ሲታዩ ደህና ናቸው። የጎዳው ነገር ቢኖር አያያዙ ነው። እሱም ሊስተካከል ይችላል። ስለዚህ የሚገዛውም የሚሸጠውም ሰው እንዲያነበው የማውቀውን ልጻፍ።

መጀመሪያ ግን «በዚህ ዘመን ይሄ ምን ያደርግልናል?» ለሚለኝ ሰው መልስ ልስጥ። ጎማ ያለው ትራክተር በደረቅ መሬት ላይ የሚስተካከለው የለም። ረግረግ ላይ ግን ይሰምጣል። ባለ ሰንሰለት ትራክተር የተወለደውም ከዚህ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1904 ቤንጃሚን ሆልት የተባለ አምራች፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ስቶክተን ከተማ አጠገብ፣ በእንፋሎት የሚሠራ ትራክተሩን የኋላ ጎማ አውልቆ የእንጨት ርብራብ ያለው ሰንሰለት አልብሶ ሞከረው። የአካባቢው እርሻ የወንዝ ዳር ለስላሳ አፈር ስለነበር ከባዱን የእንፋሎት ማሽን አይሸከምም ነበር። ሰንሰለቱ ክብደቱን በሰፊው መሬት ላይ አከፋፈለለት፤ ማሽኑም ሳይሰምጥ አለፈ። በ1925 የሆልትና የተፎካካሪው የቤስት ኩባንያዎች ተዋሕደው ካተርፒላርን መሠረቱ።

ጣና ዳር ያለውን መሬት የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ወዲያው ይረዳዋል። ፎገራና ደምቢያ ሜዳው ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ጉማራና ርብ ሲሞሉ ውሃው ሜዳው ላይ ይተኛል። የሩዝ ማሳ ዳር ቦይ መጥረግ፣ የጎርፍ መከላከያ ክትር ማጠናከር፣ ጭቃ ውስጥ የቀረ መኪና ጎትቶ ማውጣት፣ ይህ ሁሉ ቀላል ባለ ሰንሰለት ማሽን የሚፈልግ ሥራ ነው። አዲሱን ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ይኸኛው እዚሁ ግቢ ውስጥ ቆሟል።

አሁን ወደ ቅባቱ ልግባ። ከሁሉ በፊት ዓይኔ ያረፈው ሰንሰለቱ ላይ ነው። ጥቁር፣ ወፍራም ነገር ተለድፎበታል። የተቃጠለ ዘይት አፍስሰውበታል ማለት ነው። ይህን የሚያደርጉት አሳቢ ሰዎች ናቸው። ብረት ከብረት ሲፋተግ ይሰማሉ፤ ሲጮህ ያዝናሉ፤ ዘይት ያጠጡታል። ነገር ግን የዚያ ዘመን ሰንሰለት ደረቅ ሰንሰለት ነው። የሰንሰለቱን ቁርጥራጮች የሚያያይዘው ፒንና እሱን የሚያቅፈው ቡሽ በደረቁ እንዲሠሩ ነው የተሠሩት። ዘይት ስታፈሱበት አቧራና አሸዋ ይይዛል። አሸዋ የያዘ ዘይት ደግሞ እንደ ሞረድ ነው። በየእርምጃው ፒኑን ይበላዋል፣ ቡሹን ይበላዋል። ደረቅ ሲሆን አፈሩ ገብቶ ይወጣል፤ ዘይት ሲኖር ገብቶ ይቀራል። ለዚህ ነው ደግሜ ደጋግሜ የምለው፤ ደረቅ ሰንሰለት ላይ ዘይት አይፈስም፣ ግራሶም አይቀባም። ጩኸቱ በሽታ አይደለም።

ቆይቶ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ውስጡ በፋብሪካ ዘይት ተሞልቶ የታሸገ ሰንሰለት መጣ። እሱ ሌላ ነው። እሱም ቢሆን ዘይቱ ከውስጥ ነው እንጂ ከላይ አይፈስበትም። እንግዲህ አሮጌም ይሁን አዲስ፣ ከውጭ ዘይት የሚፈልግ የዶዘር ሰንሰለት የለም።

የሰንሰለቱን ዕድሜ የሚያረዝመው መጥረግና ማስተካከል ነው። ማታ ሥራ ሲያበቃ ጭቃው ሳይደርቅ በአካፋ ይነሳ። ጥቁር አፈር ካደረ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል፤ በማግስቱ ሮለሩ፣ ማለትም ሰንሰለቱ ላይ የሚንከባለለው የብረት እግር፣ መዞር ትቶ ይጎተታል። የሚጎተት ሮለር በአንድ ጎኑ ይበላል። አንዴ ጎኑ ጠፍጣፋ ከሆነ ደግሞ የሚያድነው የለም። የሰንሰለቱ ውጥረትም እንደ መሬቱ ይለያያል። በላይኛው በኩል በሮለሩና በፊተኛው ጎማ (ሰንሰለቱ በፊት በኩል የሚዞርበት የብረት ጎማ) መካከል ቀጥ ያለ እንጨት አጋድሙና ወደ ታች ምን ያህል እንደረገበ ለኩ። ለእንደዚህ ያለ መካከለኛ ማሽን ከ25 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ቢረግብ ጥሩ ነው፤ የማሽኑ መመሪያ ካለ ግን እሱን እመኑ። ጭቃ ላይ ስትሠሩ ጭቃው ራሱ እየገባ ያወጥረዋል፤ ስለዚህ ውጥረቱን የምትለኩት በምትሠሩበት መሬት ላይ፣ ጭቃው እንዳለበት ይሁን። እንደ ክራር ክር አወጥሮ የሚሠራ ኦፕሬተር ቡሹንም፣ ሰንሰለቱን የሚያዞረውን ጥርስ ጎማም፣ የፊተኛውን ጎማ ኩሽኔታም አንድ ላይ ይጨርሳል። ናፍጣውም ይጨምራል።

ኦፕሬተሮች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ወደ ኋላ በፍጥነት መሄድ ከፊት ጉዞ ይልቅ ቡሹን ይበላዋል። ሥራ ካለቀ በኋላ ረጅሙን መንገድ በኋላ ማርሽ እየበረሩ መመለስ ይቅር። ቡሹ በአንድ በኩል ካለቀም ሰንሰለቱ አለቀ ማለት አይደለም። ፒኑና ቡሹ በፕሬስ ወጥተው ግማሽ ዙር ተገልብጠው ሲገቡ ያልተበላው ጎን ሥራ ይጀምራል። ጊዜው ሳያልፍ ከተደረገ ሌላ ዕድሜ ይሰጠዋል። ይህን ሥራ የሚሠራ ፕሬስ ያላቸው ጋራዦች በአገራችን አሉ። ጨረታ ላይ የቆመው ማሽን ሰንሰለት ገና አንድም ጊዜ አልተገለበጠም፤ የፒኖቹ ራስ ይናገራል።

ከስር ያሉት ሮለሮች ሌላ ነገር ናቸው። እነሱ ቅባት ይፈልጋሉ። ግን ሁለት ዓይነት አሉና መለየት ያስፈልጋል። የድሮዎቹ በጎናቸው መሙያ ኒፕል አላቸው፤ በፖምፓ የሮለር ቅባት ይሞላባቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ በኋላ የመጡት ግን ዘይታቸው ተሞልቶ የታሸጉ ናቸው፤ ድፍን መዝጊያ ነው ያላቸው። ብዙ አሮጌ ማሽኖች በየጊዜው ሮለር ስለተቀየረላቸው ሁለቱም ዓይነት አንድ ማሽን ላይ ተቀላቅሎ ይገኛል። የታሸገውን መዝጊያ ፈትቶ ግራሶ የሚሞላ ሰው ሮለሩን ገደለው ማለት ነው። ግራሶው ወፍራም ስለሆነ ዘይቱ በሚሄድበት ቀጭን መንገድ አይሄድም፤ ሮለሩ ውስጡ ይግልና ይነክሳል።

ኒፕል ያለውን ስትሞሉ በእጅ ፖምፓ፣ ቀስ ብላችሁ ይሁን። በኮምፕሬሰር የሚሠራ ፖምፓ ዘይት የሚይዘውን ማሸጊያ ገፍቶ ያበላሸዋል። ከዚያ በኋላ የሞላችሁት ሁሉ መሬት ላይ ይፈሳል፤ በምትኩ ውሃና ጭቃ ይገባል። ኒፕሉን በጨርቅ ሳትጠርጉ ፖምፓ አትግጠሙ። ያልተጠረገ ኒፕል ላይ ያለው አሸዋ ከግራሶው ቀድሞ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል። እኔ ልጆችን ሳሠለጥን መጀመሪያ የማስይዛቸው ጨርቅ ነበር፤ ፖምፓው በኋላ ይመጣል። ሥራውም ከጠዋት ይልቅ ማታ ይሁን። ብረቱ ገና ሙቅ ስለሆነ ቅባቱ በደንብ ይገባል፤ ቀን የገባውን እርጥበትም ገፍቶ ያስወጣል። ጣና ዳር ለሚያድር ማሽን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ግራሶ ሁሉ አንድ አይደለም። ቀለሙ አያታልላችሁ፤ ቀለም የፋብሪካው ምርጫ ነው። ዋናው ዘይቱን የያዘው ሳሙና ነው። በሶዲየም የተሠራው ውሃ ሲነካው ይታጠባል። ስለዚህ ውሃ ዳር አይሆንም። በካልሲየም የተሠራው ውሃ ይችላል፤ ሙቀት ላይ ግን ደካማ ነው። በሊትየም የተሠራው ለብዙ ቦታ ይሆናል። አንዱን ከሌላው መቀላቀል ግን ቀጥኖ እንዲፈስ ሊያደርገው ይችላል። በየሱቁ እየዞሩ የተገኘውን ከመግዛት አንዱን ዓይነት መርጦ በእሱ መቆየት ይሻላል።

አንድ ቦታ ደግሞ ግራሶ ሲበዛ ይጎዳል። ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚለየው የዋናው ፍሪሲዮን ኩሽኔታ ትንሽ ነው የሚበቃው። አብዝታችሁ ከሞላችሁ ፍሪሲዮኑ ሲሽከረከር ይረጨውና ልባሱ ላይ ያርፋል። ከዚያ ይንሸራተታል፤ ኦፕሬተሩም «ጉልበት አጣ» ይላል። ማሽኑ ሞተር ይወርድለታል፣ ብዙ ብር ይወጣል፤ ችግሩ ግን የበዛ ግራሶ ነበር። የግራና የቀኙ መጠምዘዣ ፍሪሲዮኖችም በዚህ ማሽን ላይ ደረቅ ናቸው። ማንሻው አልንቀሳቀስ ሲል ብዙ ሰው ዘይት ያፈስበታል። ዝገት ነው የያዛቸው። ከታች የማፍሰሻ ብሎን አለ፤ ፈታችሁ የተጠራቀመውን ውሃና ዘይት አውጡ፤ ልባሱ ዘይት ጠጥቶ ከሆነ በላምባ ታጥቦ ይድረቅ፤ ከዚያ ማንሻውን እየጎተቱ እየለቀቁ ማላቀቅ ነው። ላምባ ባለበት እሳት እንዳይቀርብ።

ስለ ሞተሩ ዘይት ትንሽ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የናፍጣ ሞተሮች የፒስተን ፋሻቸው በካርቦን እየተጣበቀ ያስቸግር ነበር። የዚያን ጊዜ ዘይት ቅባት ብቻ ነበር፤ የሚያጥብ ነገር አልነበረውም። ካተርፒላር ከካሊፎርኒያው ስታንዳርድ ኦይል ጋር ሠርቶ በ1935 አጣቢ ቅመም ያለበት ዘይት ወጣ። ዴሎ የሚባለው ነው፤ ስሙ እስከ ዛሬ አለ። ዛሬ የምንገዛው የናፍጣ ሞተር ዘይት ሁሉ አጣቢ ነው። ለባሕር ዳር አየር ኤስ.ኤ.ኢ. 30 የሆነው (ቁጥሩ የዘይቱን ውፍረት የሚናገር ነው) ለዚህ ሞተር ይስማማዋል። ነገር ግን ብዙ ዓመት የቆመ፣ ውስጡ ዝቃጭ የያዘ ሞተር ላይ አዲስ አጣቢ ዘይት ስታስገቡ ዝቃጩን ያነሳዋል። ፊልትሮው ቶሎ ይደፈናል። ስለዚህ መጀመሪያ ክዳኑ ተከፍቶ ዝቃጩ በእጅ ይጠረግ፤ የመጀመሪያው ዘይትና ፊልትሮም ጊዜውን ሳይጠብቅ ይቀየር። ለካምቢዮውና ለመጨረሻው ማርሽ ደግሞ ወፍራም የማርሽ ዘይት፣ ኤስ.ኤ.ኢ. 90 ነው። ስትገዙ ጣሳው ላይ ጂ.ኤል. 4 ወይም ጂ.ኤል. 5 የሚለውን የማርሽ ዘይት ደረጃ እዩ። ጂ.ኤል. 5 ውስጥ ያለው ድኝ የነሐስ ቡሽን ሊበላ ይችላል። አሮጌ ማሽን ውስጥ ነሐስ አይጠፋም፤ ጂ.ኤል. 4 ይሻላል።

ውሃ መግባቱን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ማሽኑ ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ጠዋት ሳይነሳ፣ የመጨረሻው ማርሽ ቤት ማፍሰሻ ብሎን በትንሹ ይላላ። ውሃ ከዘይት ይከብዳልና ካለ ቀድሞ እሱ ነው የሚወጣው። ንጹሕ ዘይት ከወጣ ወዲያው አጥብቁት። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ግን ውሃው ተመትቶ ተቀላቅሏል ማለት ነው፤ ያ ዘይት ሁሉ ይፍሰስ፤ ውሃው የገባበትም ይፈለግ። የናፍጣ ታንከሩም እንዲሁ ነው። ጠዋት ከስሩ ትንሽ ይፍሰስ፤ ማታ ደግሞ ይሞላ። ባዶውን ያደረ ታንከር ሌሊት ውስጡ ያልበዋል፤ ያ ላብ ወደ ናፍጣ ፖምፓው ይሄዳል።

አየር ማጣሪያው ዘይት ያለበት ሳህን አለው። በጋ ላይ፣ አቧራው እንደ ጉም ሲነሳ፣ ያ ሳህን በየቀኑ መታየት አለበት። ከስሩ ጭቃ ካጠራቀመ ይጠብ፤ እስከ ምልክቱ ብቻ ንጹሕ የሞተር ዘይት ይግባበት። ከምልክቱ ካለፈ ሞተሩ ዘይቱን ስቦ ይጠጣዋል። የናፍጣ ሞተር ዘይት መጠጣት ከጀመረ ናፍጣ ብትዘጉበትም ላይቆም ይችላል። የተቃጠለ ዘይት በዚህ ሳህን ውስጥ ማስገባት ደግሞ ጨርሶ አይሆንም።

የማስነሻዋን ሞተር ሰው ይንቃታል። ትንሽ ናት፤ ግን እሷ ከሌለች ትልቁ አይነሳም። የራሷ ዘይት አላት፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ አያይላትምም። ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጉና ካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን ጨርሳ ራሷ ትጥፋ። መዝጊያው ክፍት ከቀረ ቤንዚኑ ቀስ እያለ ወደ ዘይቷ ይወርዳል፤ ዘይቷ ይቀጥናል፤ ኩሽኔታዋ ይሄዳል። የዘይት መለኪያዋን አውጥታችሁ አሽቱት፤ ቤንዚን ከሸተተ ዘይቱ ይቀየር። የምትቀዘቅዘው ከትልቁ ሞተር ጋር በአንድ ውሃ ነው። ራዲያተሩ ሳይሞላ ማስነሳት ቴስታታዋን (የሲሊንደሯን የላይ ክዳን) ይሰነጥቃል። ራዲያተሩ ውስጥ የሚገባው ውሃም ከሐይቁ በባልዲ ባይቀዳ እመርጣለሁ። ክረምት ላይ ጣና ደለል ነው። ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ተጣርቶ፣ ዝገት መከላከያ ተጨምሮበት ቢገባ ውስጡ ድንጋይ አይዝም።

የማስነሻዋ ጥቅም ግን ማስነሳት ብቻ አይደለም። ጥሩ ኦፕሬተር በእሷ ትልቁን ሞተር የሚያዞረው መጀመሪያ የግፊት መልቀቂያውን ማንሻ ከፍቶ ነው። ናፍጣ ገና አልተሰጠም። ሞተሩ እንዲሁ ይዞራል፤ ውሃው ይሞቃል፤ ጭሷም የአየር መግቢያውን ታሞቃለች። ዓይን የዘይት ግፊት መለኪያው ላይ ነው። ቀስቱ ሲነሳ ዘይቱ ኩሽኔታዎቹ ጋ ደርሷል ማለት ነው። ያኔ ማንሻው ይዘጋል፤ ናፍጣ ይሰጣል። ዛሬ በቁልፍ የሚነሱ ማሽኖች ይህ ዕድል የላቸውም፤ ከተነሱ በኋላ ነው ዘይት የሚደርሳቸው። ሲጠፋም በድንገት አይጠፋም። ለጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራና ሙቀቱ ይውረድ።

አሁን ጨረታውን ለሚያሸንፈው ሰው አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዓመታት የቆመን ሞተር በሌላ ማሽን ጎትቶ ለማስነሳት እንዳትሞክር። መጀመሪያ ናፍጣ መርጫዎቹ ይውጡ፤ በየሲሊንደሩ ቀጭን ዘይት ከናፍጣ ጋር ተደባልቆ ይግባ፤ ቀናት ይቆይ። ከዚያ በእጅ፣ በረጅም ብረት፣ ትንሽ ትንሽ ይዙር። ቫልቮቹ ሁሉ ሲከፈቱና ሲዘጉ በዓይን ይታዩ፤ አንዱ ከተጣበቀ ዘንጉ ይታጠፋል። ከሁሉም በላይ የናፍጣ ፖምፓው ውስጥ መጠኑን የሚቆጣጠረው ዘንግ በጣት ሲገፋ ወዲያና ወዲህ በነጻነት መሄድ አለበት። ቆሞ የኖረ ፖምፓ ዘንጉ ይዝጋል። ክፍት ሆኖ ከተጣበቀ ሞተሩ እንደተነሳ ያለልክ ይበራል፤ አየሩ ካልተደፈነበት የሚያቆመው የለም። ሞተር ሲፈነዳ ሰው ይገድላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ አንድ ሰው የአየር መግቢያውን የሚደፍን ወፍራም ጣውላ ይዞ ዝግጁ ይቁም። በእጅ ወይም በጨርቅ የሚደፈን አይደለም።

ሌላም አደጋ አለ። ከዚህ በኋላ በመጡት ማሽኖች ሰንሰለቱ የሚወጠረው በግራሶ ግፊት ነው። ሲያላሉት መልቀቂያውን በጥቂቱ ብቻ ፍቱ፤ ፊታችሁን አታቅርቡ። በዚያ ግፊት የወጣ ግራሶ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀዳዳዋ የመርፌ ያህል ናት፤ ብዙም ላታም ትችላለች፤ ግን እጅ ያስቆርጣል። እንዲህ የደረሰበት ሰው «ይሻለኛል» ሳይል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ፤ ለሐኪሙም ግራሶ እንደገባበት ይንገር።

የተቃጠለውን ዘይት ነገር ሳላነሳ ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድም። እዚህ ከተማ የሚፈስ ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ዓባይ ነው የሚሄደው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ዓሣ አጥማጁም፣ ከብት የሚያጠጣውም፣ ውሃ የሚቀዳውም ከእሱ ነው የሚኖረው። ዘይት ደግሞ ውሃ ላይ በቀጭኑ ይዘረጋል፤ ከጥቂት ጣሳ የወጣው ሰፊ ቦታ ይሸፍናል። ማሽን ውሃ ዳር ወስዶ ማጠብ፣ ዘይት መሬት ላይ እያፈሰሱ መቀየር መቆም አለበት። ዘይት ስትቀይሩ ከስር ሰፊ ሳህን አስቀምጡ፤ የወጣውን ክዳን ባለው በርሜል አጠራቅሙ፤ ፊልትሮውንም ገልብጣችሁ አንጠፍጥፉት። በርሜሉ ጥላ ውስጥ፣ ጎርፍ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ለማገዶነት የሚረከቡ ፋብሪካዎች አሉና ሲሞላ ለእነሱ ማስረከብ ይቻላል።

ጥያቄዬን ልጨርስ። ለሻጩ መሥሪያ ቤት የምለው ይህ ነው። ጨረታው ለጥቂት ሳምንት ይቆይ። ክዳኑ ይከፈት፤ ሞተሩ በእጅ ይዙር፤ ምን እንደሚጎድለው በወረቀት ይጻፍ። ከዚያ ቢሸጥም እንደ ማሽን ይሸጥ፤ እንደ ቁርጥራጭ ብረት አይሸጥ። መጋዘን ውስጥ የመመሪያ መጽሐፉና የቅባት ሰንጠረዡ ካለ አብሮ ይሰጥ። በየስንት የሥራ ሰዓቱ ምን እንደሚደረግ እዚያ ላይ ተሥሏል፤ ያለ እሱ ማሽን መስጠት ግማሹን ማስቀረት ነው።

ሌላም አማራጭ አለ። ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ፖሊ ቴክኒክ ተከፍቶባታል። እኔም የግብርና ማሽን ትምህርት የተማርኩት እዚያ ነው። መምህሮቻችን ማሽኑን በሥዕል ብቻ አላሳዩንም፤ አስፈትተው ነው ያስተማሩን። የሶቪየቶቹ ኤስ-100 እና ዲቲ-75 ትራክተሮችም እንደዚህ ዲ6 በትንሽ የቤንዚን ሞተር የሚነሱ ናቸው፤ አንዱን ያወቀ ሌላውን አይፈራም። ዛሬ የሙያ ማሠልጠኛ የሚገቡ ልጆች ኮምፒውተር የሚበዛበትን አዲስ ማሽን በስክሪን ያያሉ። ይህኛው ግን ሁሉ ነገሩ በዓይን የሚታይ፣ በቁልፍ የሚፈታ ነው። ግፊት ምንድን ነው፣ ዘይት በየት ይሄዳል፣ ፍሪሲዮን እንዴት ይይዛል የሚለውን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር መሣሪያ አላውቅም። ለአንዱ ማሠልጠኛ ቢሰጥ ልጆቹ ራሳቸው ያስነሡታል። እኔም ሆንኩ በጡረታ ያሉ የሙያ ጓደኞቼ ያለ ክፍያ መጥተን እናሳያቸዋለን። ቱታዬ አሁንም አለ።

እናንተም አዘጋጆቹ ብትፈቅዱ፣ የጨረታ ማስታወቂያ ሲመጣላችሁ «የማይሠራ» ከሚለው ቀጥሎ ምክንያቱ እንዲጻፍ ብትጠይቁ ጥሩ ነው። «ሞተሩ ተሰንጥቋል» እና «ባትሪ የለውም» አንድ ዋጋ የላቸውም።

እስከዚያው ግን ዛሬውኑ የሚደረግ ነገር አለ። ግንቦት እየተገባደደ ነው፤ ዝናቡ ደርሷል። የትራክተሩ የጭስ ማውጫ አፍ ወደ ሰማይ ክፍት ነው፤ ክዳኑ ወድቋል። በዚያ የሚገባ ውሃ ቫልቩ ክፍት የሆነበት ሲሊንደር ውስጥ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ፒስተኑንም ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ይይዘዋል። የግቢው ጥበቃ ባዶ የቀለም ጣሳ ደፍቶበት በሽቦ ቢያስርልን እለምናለሁ። ከሥር ያለውን የመጠምዘዣ ፍሪሲዮን ማፍሰሻ ብሎንም አንድ ሰው ፈትቶ ውሃውን ያውጣለት።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የከባድ ማሽን መካኒክ
ባሕር ዳር